ሻይን ወደ መክሰስ እንመልሰው፦ የቅመም ሻይ አፈላልና አጠጣጥ

እኅቴ የመጀመሪያ ልጇን ባረገዘች ጊዜ ደም ማነስ አለብሽ ተባለች። የአይረን ክኒን ታዘዘላት። አንድም ቀን ሳታጓድል ወር ሙሉ ዋጠች። ተመልሳ ስትመረመር ግን ለውጡ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ነርሷ መድኃኒቱን አልቀየረችም። «በምንድን ነው የምትውጪው?» ብላ ጠየቀቻት። እኅቴ «በሻይ» አለች። ጠዋት ጠዋት፣ ከዳቦ ጋር፣ በትኩስ የቅመም ሻይ።

«በውሃ ዋጪው። ሻይሽን ደግሞ ከምግብም ከክኒንም አርቀሽ ጠጪ» አለቻት። በሚቀጥለው ምርመራ ደሟ ከፍ ብሎ ተገኘ።

ከዚያ ወዲህ ሻይ ሳፈላ ሁለት ነገር አስባለሁ። አንዱ እንዴት እንደሚጣፍጥ ነው። ሌላው መቼ እንደሚጠጣ። የመጀመሪያውን አብዛኞቻችን ከእናቶቻችን ተምረናል። ሁለተኛውን የነገረን ሰው ግን ጥቂት ነው። እዚህ ሁለቱንም እጽፋለሁ።

ቅጠሉን ስትገዙ

እኛ ቤት የሚፈላው ጥቁር ሻይ ነው። አገር ውስጥ ከሚበቅለው ብዙው የሚመጣው ኢሉባቦር ጎሬ አጠገብ ካለው ከጉማሮና ከፋ ቦንጋ አጠገብ ካለው ከውሽውሽ እርሻ ነው። ከፋን ሁሉም በቡናዋ ያውቃታል። ሻይም አብቃይ መሆኗ ሲነገራቸው የሚገረሙ ሰዎች ገጥመውኛል።

ጥቁር ሻይና አረንጓዴ ሻይ የአንድ ተክል ቅጠል ናቸው። አረንጓዴው እንደተለቀመ ቶሎ በሙቀት ስለሚያዝ ቀለሙን አይለውጥም። ጥቁሩ ደግሞ ጠውልጎ ይደቅቅና አየር እየነካው ይጠቁራል፤ ከዚያ ይደርቃል። የእኛ ቅጠል ደቃቅ ስለሆነ ቀለሙን ቶሎ ይለቃል። ይህን ያዙ፤ አፈላሉ ላይ ያስፈልገናል።

ሻይ ቅጠል ጠረን ይስባል። በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ካለበት መደርደሪያ አርቁት። ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ቆርቆሮ ወይም ብርጭቆ ዕቃ፣ ብርሃን በማይነካው ቦታ አስቀምጡት። ፓኬቱን ቀድዶ በላስቲክ አስሮ መተው ጣዕሙን ይገድለዋል።

ቅመሙን ስታዘጋጁ

የተፈጨ የሻይ ቅመም አልገዛም። ሲፈጭ ጠረኑ ይበናል፤ ምን እንደተቀላቀለበትም አይታወቅም። ጥሬውን ገዝቶ በየጊዜው በሙቀጫ ሸክሸክ ማድረግ ይሻላል። ቅርንፉድ ትኩስ መሆኑን ለማወቅ ራሱን በጥፍር ጫን በሉት። ዘይት ብጤ ካወጣ ጥሩ ነው። ደርቆ ከተፈረፈረ ቆይቷል ማለት ነው።

ለአንድ ሊትር ውሃ እኔ የምጠቀመው ይህን ነው፦

- ቀረፋ፣ የጣት ርዝመት ያለው አንድ ስባሪ
- ቅርንፉድ 6 ፍሬ
- ሄል 5 ፍሬ፣ ልጡ ሰንጠቅ ተደርጎ
- ዝንጅብል፣ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል፣ ታጥቦ የተከተከተ
- ሻይ ቅጠል፣ ከ2 እስከ 3 የሻይ ማንኪያ

ይህ ከ6 እስከ 7 ትንንሽ ብርጭቆ ይወጣዋል። ቅርንፉድ ከበዛ ሁሉንም ስለሚውጥ በመጠኑ ይሁን። ጤና አዳም የምትወዱ አንድ ቅንጣቢ ብርጭቆው ላይ ጣል አድርጉ እንጂ አብራችሁ አትቀቅሉት። ሲቀቀል ይመራል።

አፈላሉ

1. ውሃውን ከነቅመሙ በቀዝቃዛው ጣዱት። ቅመም ቀስ እያለ ሲሞቅ ነው ያለውን የሚሰጠው።

2. ድስቱን ወይም ማንቆርቆሪያውን ክደኑ። ብዙዎቻችን የምንስተው እዚህ ላይ ነው። ቤቱ በሄል ሲታወድ ደስ ይላል፤ ግን ቤቱን የሞላው መዓዛ ከሻዩ የወጣ ነው። ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀንሱና ተከድኖ 10 ደቂቃ ይንተክተክ።

3. ቅጠሉን መጨረሻ ላይ ጨምሩ። ከቅመሙ ጋር አብሮ ሩብ ሰዓት የተቀቀለ ቅጠል ይመራል፣ ምላስ ላይም እንደ ጥሬ ሙዝ ይጣበቃል። ያንን ለመሸፈን ደግሞ ስኳር እንጨምራለን። ስኳር የሚያበዛ ቤት ብዙውን ጊዜ ቅጠል የሚያበስል ቤት ነው።

4. ቅጠሉ ደቃቅ ስለሆነ፣ ከገባ በኋላ 1 ደቂቃ ብቻ ይፍላና አውርዱት። ተከድኖ 3 ወይም 4 ደቂቃ ይቀመጥ።

5. ወዲያው በማጥለያ አጥልሉ። ቅጠሉ ውስጡ ከቀረ መምረሩን አያቆምም። ፔርሙዝ ውስጥ የምትገለብጡትም የተጠለለውን ይሁን።

አራተኛው ላይ ያልኩት «1 ደቂቃ ይፍላ» አገር ይመርጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ከዚያም ያንሳል። ጥቁር ሻይ ደግሞ ጣዕሙን በደንብ የሚለቀው ውሃው ወደ 100 ሲጠጋ ነው። ደገኛ ሻዩን እሳት ላይ የሚያቆየው ያለ ምክንያት አይደለም። ድሬዳዋ ላይ ውሃው 96 ዲግሪ ገደማ ስለሚደርስ ቅጠሉን ጨምሮ ወዲያው ማውረድ ይበቃል።

ዱባይ፣ ቴል አቪቭ ወይም ዋሽንግተን ያላችሁ ይህን ልብ በሉት። ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ስለማትሉ ውሃችሁ በ100 ዲግሪ ይፈላል። እናታችሁ አዲስ አበባ በምታፈላበት መንገድ ስታፈሉ የሚመርባችሁ ለዚህ ነው። ከሻንጣ ወጥቶ የተበላሸ ቅመም የለም፤ ውሃው ነው የጋለው። እሳቱን አጥፉና ቅጠሉን ጨምራችሁ 3 ደቂቃ ብቻ ክደኑት። ለንደን ያላችሁ ደግሞ ሻዩ ላይ ስስ ቆዳ የመሰለ ነገር ሲንሳፈፍ ታያላችሁ። የቧንቧው ውሃ ኖራ ስለሚበዛበት ነው። ውሃውን በማጣሪያ ማሳለፍ ወይም ጥቂት ሎሚ ጠብ ማድረግ ያጠራዋል።

መቼ ይጠጣ?

ሻይ ውስጥ ታኒን የሚባሉ ነገሮች አሉ። አፍን የሚያጣብቁት እነሱ ናቸው። ከጤፍ፣ ከምስር፣ ከሽሮና ከጎመን የምናገኘውን አይረን ሆዳችን ውስጥ ያስሩታል። ታስሮ ወደ ደም ሳይገባ ይወጣል። ከምግብ ጋር የተጠጣ ጥቁር ሻይ ከእንዲህ ዓይነቱ ምግብ የምናገኘውን አይረን ከግማሽ በላይ ሊቀንሰው ይችላል። የሥጋ አይረን የዚያን ያህል አይነካም።

ይህ ነገር በተለይ እኛን ይመለከታል። ጿሚ ነን። ጾም ሲሆን አይረኑ ሁሉ ከእህልና ከአትክልት ነው። ማኪያቶና ወተት ስለማይቻል ሻይ የምናበዛውም ያኔ ነው። ሽሮ ተበልቶ እጅ ሳይታጠብ ሻይ ይቀርባል። አንድ ጤነኛ ጎልማሳ ላይ ይህ ብዙ ጉዳት ላያመጣ ይችላል። ነፍሰ ጡር፣ የወር አበባዋ የሚበዛባት ሴት፣ በማደግ ላይ ያለ ልጅና ደም ለግሶ የተመለሰ ሰው ግን ሊጠነቀቁ ይገባል።

መላው ቀላል ነው። ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆዩ። ከዚህ በላይ ከባድ ነገር የለውም። ለዚህ ደግሞ አባቶቻችን ሰዓት ሠርተውለታል፤ መክሰስ ይባላል። ምሳ 6 ወይም 7 ሰዓት ላይ ተበልቶ፣ 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ ሻይ ቢፈላ ምሳው ሥራውን ጨርሷል፣ እራትም ገና ነው። ድካም የሚጫጫነውም በዚያው ሰዓት ነው። ቆሎ ወይም አንድ ቁራሽ አምባሻ ካለ ሙሉ ነው።

ረመዳን ላይ ማፍጠሪያው በቴምርና በውሃ ይሁን። ሾርባውና ሳምቡሳው ይቅደም። ሻዩን ከተራዊህ መልስ ብታደርጉት ከምግቡ ይርቃል።

ቁርስ ላይ ያለ ሻይ አልወርድ የሚለው ሰው ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ነበርኩ። አሁን ከእንቅልፍ ተነስቼ ሻዬን እጠጣለሁ፤ ቁርሴን ከአንድ ሰዓት በኋላ እበላለሁ። ሆዱን የሚያቃጥለው ሰው ግን ባዶ ሆድ ላይ ባይጠጣ ይሻለዋል። ሰዓት ማራራቅ ካልተቻለ ምግቡ ላይ ሎሚ፣ ቲማቲም ወይም ቃሪያ ጨምሩ። ቫይታሚን ሲ አይረኑን ከመታሰር ያስጥለዋል፣ ሁሉንም ባይሆንም የተወሰነውን።

የአይረን ክኒንና የእንቅርት መድኃኒት በሻይ አይዋጡም። በውሃ ብቻ። ሌላ በየቀኑ የምትወስዱት መድኃኒት ካለ ፋርማሲስቱን አንድ ጊዜ መጠየቅ ነው።

ስኳሩ

ስኳርን ከማንቆርቆሪያው አውጡት። ድስቱ ላይ ስኳር ሲጨመር ሁሉም ሰው ባፈላው ሰው ልክ ይጠጣል። ስኳሩ ትሪው ላይ ለብቻው ይቅረብ።

አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ነው። ሦስት ማንኪያ አድርጎ በቀን ሦስት ብርጭቆ የሚጠጣ ሰው 36 ግራም ከሻይ ብቻ ያገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ጎልማሳ ቢሆን የሚመርጠው በቀን ከ25 ግራም በታች ነው፤ እሱም ከለስላሳው፣ ከኬኩና ከማሩ ጋር ተደምሮ። በአንድ ቀን ማቆም አይሆንም፤ ምላስ እምቢ ይላል። በሳምንት ግማሽ ማንኪያ ቀንሱ። ቀረፋውን ትንሽ ጨመር ብታደርጉ ጣፋጭ ጣፋጭ ስለሚል ያግዛል። እኔ ከሦስት ወደ ግማሽ ለመውረድ ሁለት ወር አልፈጀብኝም። አሁን ሦስት ማንኪያ ያለበት ሻይ አፌ ላይ ሽሮፕ ነው።

ማር ስኳር ነው። ይጣፍጣል፣ ጉሮሮ ያለሰልሳል፤ ሒሳቡ ላይ ግን ይደመራል። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር በምንም መልክ አይሰጥም።

ትኩሳቱ

«ሻይ ካላቃጠለ ሻይ አይደለም» የሚል ሰው ሁላችንም ቤት አለ። እኔ አባቴን ለማሳመን ብዙ ደክሜያለሁ። በ2016 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል ከ65 ዲግሪ በላይ የጋለ መጠጥን የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም ከሚባሉት ጋር መድቦታል። ጥፋቱ የሻዩ አይደለም፣ የግለቱ ነው።

ቴርሞሜትር አያስፈልግም። እጀታ የሌላት ትንሿ ብርጭቋችን ትበቃለች። መሐሏን በእጃችሁ ጨብጣችሁ መቆየት ካልቻላችሁ፣ ለጉሮሮም ገና ነው። ከተቀዳ በኋላ አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ጨዋታው የሚጀመረው በዚያች አምስት ደቂቃ ነው።

ሻይ በእርግጥ ይጠቅማል?

ይጠቅማል ባይ ነኝ፣ ግን በልኩ እንናገር። እንግሊዝ አገር ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሰዎችን ለ11 ዓመት ያህል የተከታተለ ጥናት በ2022 እ.ኤ.አ. ታትሟል። አብዛኞቹ ጥቁር ሻይ ጠጪዎች ነበሩ። በቀን ሁለት ስኒና ከዚያ በላይ የሚጠጡት በዚያ ጊዜ ውስጥ የመሞት ዕድላቸው ከማይጠጡት ከ9 እስከ 13 በመቶ ዝቅ ብሎ ታይቷል። ይህ ዓይነቱ ጥናት ምክንያቱ ሻዩ ራሱ ነው ብሎ ለመደምደም አይበቃም። ሻይ ጠጪዎቹ በሌላ ነገርም ይለዩ ይሆናል። ቢያንስ ግን ጥቁር ሻይ በልኩ ሲጠጣ የሚያስፈራ ነገር እንዳልሆነ ይነግረናል።

ዝንጅብል የማቅለሽለሽ ስሜትን በመቀነስ የታወቀ ነው። የሻይ ካፌይን ከቡና ግማሽ ገደማ ነው፤ አንድ ስኒ ላይ ከ30 እስከ 50 ሚሊግራም። ንቁ ያደርጋል፣ የቡናን ያህል ልብ አያስመታም። «ያከሳል»፣ «ስኳር በሽታ ይፈውሳል» እየተባለ በየገበያው የሚሸጠውን ቅጠል ግን እባካችሁ ተዉት። መድኃኒቱን አቁሞ ቅጠል ብቻ የሚጠጣ ሰው ካወቃችሁ ደግሞ ዝም አትበሉት።

እነዚህ ሰዎች ይጠንቀቁ

ነፍሰ ጡሮች በቀን ከ200 ሚሊግራም ካፌይን ባያልፉ ይመከራል። ሁለት ሦስት ብርጭቆ ሻይ ችግር የለውም፤ ግን አቦል፣ ቶናና በረካውም ይቆጠራል። ቡናና ሻይ የተደራረበበት ስፕሪስም ከተራ ሻይ በላይ ነው። ጤና አዳምን በእርግዝና ጊዜ ጨርሶ ተዉት። ማህፀንን ያነሳሳል።

ሕፃን ስድስት ወር እስኪሞላው የእናት ጡት ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ሻይ በማንኪያ ማቅመስ የፍቅር ይመስላል፤ ሆዱን ሞልቶ ወተቱን ያስቀረዋል፣ አይረኑንም ያስርበታል። ከፍ ላሉ ልጆችም ዳቦ በሻይ ነክሮ መስጠት ቁርስ አይሆንም። ብዙ ቤት ሌላ ስለሌለ እንደሚደረግ አውቃለሁ። ቅጠሉን አስቀርቶ በቅመሙ ብቻ ማፍላት ቢያንስ ያንን ጉዳት ይቀንሳል፤ ወጪም አይጨምርም።

ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የጉድጓድ ውሃ የሚጠጡ ሰዎች ሌላም ነገር አለባቸው። ብዙ ቦታ ውሃው ፍሎራይድ ይበዛበታል። የልጆችን ጥርስ የሚያበልዘው እሱ ነው። የሻይ ተክል ደግሞ ፍሎራይድን ከአፈር እየሳበ ቅጠሉ ላይ ያጠራቅማል። ማፍላት ፍሎራይድን አያጠፋም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን ይወፍራል። እዚያ ላሉ ልጆች ሻይ ባይለመድ እመርጣለሁ። የዝናብ ውሃ ካለ ለመጠጥና ለማፍያ እሱን ተጠቀሙ።

ሰው ሲበዛ

«ሻይ ቡና እንበል» ስንል ጥማችንን ለመቁረጥ አይደለም። ጉዳይ አለን፣ ናፍቆት አለን፣ ወይም የተኮራረፈ ሰው አስታራቂ ፈልጓል። ጉርሻውን እንኳ «ለሻይ» ብለን ነው የምንሰጠው። ለቅሶ ቤትም ድንኳኑ ተተክሎ የእድሩ ትልቅ ማንቆርቆሪያ ሲጣድ፣ ለሐዘንተኛው የመጀመሪያው የሚቀርብለት ትኩስ ነገር ብዙ ጊዜ ሻይ ነው። እህል አልዋጥ ያለው ሰው ሻይ እምቢ አይልም።

ለ30 እና ለ40 ሰው ሲሆን አንድ ትልቅ ድስት ሻይ አፍልቶ ቀኑን ሙሉ እሳት ላይ ማቆየት አይበጅም። ከሰዓት በኋላ ይመርራል። ይልቅ እንዲህ አድርጉ። በአንዱ ዕቃ ወፍራም ሻይ አፍሉ፤ ለአንድ ሊትር ውሃ 3 የሾርባ ማንኪያ ቅጠልና የቅመሙን እጥፍ። አጥልሉና ፔርሙዝ ውስጥ ክተቱት። በሌላው ዕቃ ውሃ ብቻ ይፍላ። ስትቀዱ ከወፍራሙ የብርጭቆውን ሲሶ፣ የቀረውን ከውሃው ሙሉ። ቀጭን የሚወድም ወፍራም የሚወድም በልኩ ያገኛል። ታላላቆች ይቅደሙ፤ ሐዘንተኛ ካለ ከሁሉ በፊት ለእሱ። ስኳሩን «ስንት ላድርግሎት?» ብሎ መጠየቅ አክብሮት ነው። ለስኳር በሽተኛም ሰው ፊት ከመናገር ያድነዋል።

ለማታው

ካፌይን ከተጠጣ ከአምስት ሰዓት በኋላም ግማሹ ገደማ ደም ውስጥ አለ። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ቅጠሉን ተዉት። እኛ ቤት ማታ የሚፈላው ጠጅ ሳር ወይም ጦስኝ ነው። ጦስኝ በመንዝ፣ በሰሜንና በባሌ ደጋ የሚበቅል ነው፤ ደርቆ ይሸጣል። አንድ ቆንጠር ለሁለት ብርጭቆ ይበቃል። ውሃው ከፈላ በኋላ ጨምሩት፣ 5 ደቂቃ ክደኑት፣ አጥልሉት። ስኳር አይፈልግም። ጠጅ ሳሩን ግን ቋጥራችሁ ከቀዝቃዛው ውሃ ጋር ጣዱትና 10 ደቂቃ ይፍላ፤ ጠንካራ ስለሆነ ቶሎ አይለቅም።

ያቺ እኅቴ ያኔ ያረገዘቻት ልጅ አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች። 10 ሰዓት ላይ ቦርሳዋን ጥላ ወደ ማድ ቤት ነው የምትሮጠው። ሁለት ማንቆርቆሪያ ተጥዶ ይጠብቃታል፤ ትንሹ የእሷ የጠጅ ሳር፣ ትልቁ የእኛ የቅመም ሻይ።